የዣንጥላ ዝላይን መተዳደሪያ ለማድረግ ለሚያስብ ሰው፤ የትምህርት አመራረጥና የወጪ ሒሳብ

ማንኛውም አስተዋይ ነጋዴ ዕቃ ከማዘዙ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል፤ ይኸውም ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚገዛውና የወጣው ገንዘብ መቼ እንደሚመለስ ነው። ለሙያ ትምህርት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን እነዚህን ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋቸዋል። ትምህርት የተከበረ ነገር ስለ ሆነ፣ በዋጋው ላይ መከራከር እንደ ንፉግነት ይቈጠራል። ይሁን እንጂ የሙያ ትምህርትም ሻጭና ገዢ ያለው፣ የሚያተርፍም የሚያከስርም ነገር መሆኑን መርሳት አይገባም።

በዛሬው ዘመን ወጣቶች የሚመርጡት ሙያ አባቶቻቸው ከሚያውቁት የሥራ መስክ እየራቀ ሄዷል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር የነጋዴ ልጅ «ከአይሮፕላን በዣንጥላ መዝለልን ሙያዬ ላደርግ አስቤአለሁና ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ ይላክልኝ» ብሎ ቢጠይቅ፣ እናት በድንጋጤ፣ አባትም በቍጣ ይመልሱ ይሆናል። ድንጋጤና ቍጣ ግን ምክር አይሆኑም፤ ዐይንን ጨፍኖ ገንዘብ መላክም ልጅን መውደድ አይባልም። ስለዚህ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ በስንት ደረጃ እንደሚገባበት፣ ምን ያህል ገንዘብና ምን ያህል ዘመን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ምሳሌው የዣንጥላ ዝላይ ይሁን እንጂ፣ የሒሳቡ አኳኋን ለማናቸውም አዲስ ሙያ ያገለግላል። ሥራው በሰፊው ከሚካሄድባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ስለ ሆነች፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ደንቦች የአሜሪካ ናቸው፤ ዓመታቱም በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ሥራው እንዴት ተጀመረ፤ ገንዘቡስ ከማን ይመጣል?

በዣንጥላ ከሰማይ መውረድ የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም። አንድሬ ዣክ ጋርንሬን የተባለ ፈረንሳዊ በ1797 ዓ.ም. ኦክቶበር 22 ቀን ከፓሪስ ከተማ በላይ ከፊኛ ተለይቶ በዣንጥላ ወረደ። ሌስሊ ኧርቪን የተባለ አሜሪካዊም በ1919 ዓ.ም. አፕሪል 28 ቀን በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ አጠገብ ከአይሮፕላን ዘልሎ፣ በአየር ላይ ሳለ ዣንጥላውን በገዛ እጁ ስቦ ዘረጋው። ዣንጥላው በደኅና ተዘርግቶ ሳለ፣ ኧርቪን መሬት ሲደርስ ቍርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ይኸውም የዣንጥላው መዘርጋት ብቻ ሥራውን አይፈጽመውም፤ ማረፍም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ዝላዩ ለብዙ ዘመን የወታደሮችና የአየር ትርዒት አሳዪዎች ሥራ ሆኖ ቈየ። የንግድ መልክ እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በፓሪስ የተወለደው ዣክ አንድሬ ኢስቴል ነው። ኢስቴል በ1957 ዓ.ም. የዣንጥላ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1959 ዓ.ም.ም በማሳቹሴትስ ግዛት በኦሬንጅ ከተማ ለማንኛውም ሰው በክፍያ የሚያስተምር የዝላይ ማዕከል ከፈተ። ከዚህ በኋላ በ1960ዎቹ ዓመታት ዶሚና ጃልበርት የተባለ ሰው ነፋስ እየሞላው የክንፍ ቅርጽ የሚይዝ ዣንጥላ አወጣ። የቀድሞው ክብ ዣንጥላ ነፋስ ወደ ወሰደው ቦታ የሚያወርድ ሲሆን፣ አዲሱ ግን ዘላዩ ወደ ወደደው ቦታ እየመራ የሚያርፍበት ሆነ።

ንግዱን ከሁሉ ይበልጥ የለወጠው ግን በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የተሠራው የጥንድ ዝላይ ነው። በዚህ ዐይነት ዝላይ ደንበኛው በመታጠቂያ ከአስተማሪው ደረት ጋር ተያይዞ በአንድ ትልቅ ዣንጥላ ይወርዳል። አሠራሩ በመጀመሪያ በልዩ ፈቃድ ሲካሄድ ቈይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ የአቪየሽን ደንብ በቋሚነት ተፈቀደ። አስቀድሞ ሰው ለመዝለል ብዙ ሰዓት መማር ነበረበት፤ ከዚህ በኋላ ግን የጥቂት ደቂቃ ገለጻ ሰምቶ መዝለል ቻለ። ስለዚህ ዛሬ የዝላይ ሜዳዎችን ሣጥን ከሚሞላው ገንዘብ ብዙው የሚመጣው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሊዘልል ከሚመጣ ጐብኚ ነው።

የንግዱ ሁለተኛ ደንበኛ ደግሞ ተማሪው ራሱ ነው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ወጣት ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ደመወዝተኛ ከመሆኑ አስቀድሞ ለብዙ ዓመት ገዢ ሆኖ ይኖራል። ትምህርቱን የሚሸጥለትም «ይህን ያህል ተማር» ብሎ የሚመክረውም አንድ ቤት ነው። ይህ ማለት ምክሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሻጭን ምክር በሌላ ሚዛን ደግሞ መመዘን የንግድ ሰው ልማድ ነው።

በአንድ የዝላይ ሜዳ ላይ ያሉት ሥራዎች

«ዘላይ እሆናለሁ» ማለት «ነጋዴ እሆናለሁ» እንደ ማለት ነው፤ የቡና ላኪም የጨርቅ ሱቅ ባለቤትም ነጋዴ ይባላሉና፣ ስሙ ብቻ ሥራውን አይገልጸውም። በአንድ የዝላይ ሜዳ ላይ የሚገኙት ዋና ዋና ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የጥንድ ዝላይ አስተማሪ፤ ጐብኚውን ከራሱ ጋር አያይዞ የሚዘልል ነው።

2ኛ፤ የተማሪዎች አስተማሪ፤ ብቻውን መዝለል የሚማረውን ሰው በአየር ላይ ይዞ የሚያስተምር ነው።

3ኛ፤ ፎቶግራፍ አንሺ፤ በራስ ቍሩ ላይ ካሜራ አድርጎ ከደንበኛው ጐን እየወረደ ሥዕሉን ያነሣል።

4ኛ፤ ዣንጥላ አጣፊ፤ የተዘረጋውን ዋና ዣንጥላ ለሚቀጥለው ዝላይ አጥፎ ያሰናዳል።

5ኛ፤ ሪገር የሚባለው ባለሙያ፤ ዣንጥላዎችን የሚመረምር፣ የሚጠግንና መጠባበቂያውን ዣንጥላ አጥፎ የሚያትም ነው።

6ኛ፤ አይሮፕላን ነጂ፤ ዘላዮችን ወደ ላይ ያወጣል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት አይሮፕላኖች መካከል 4 ዘላዮችን የምትይዘው ትንሿ ሴስና 182 እና በኢትዮጵያ የአገር ውስጥ በረራም ያገለገለው ቱዊን ኦተር ይገኛሉ።

ከነዚህ ከስድስቱ ሥራዎች ሦስቱ፣ ማለት የአጣፊው፣ የሪገሩና የነጂው ሥራ፣ ከአይሮፕላን መዝለልን የግድ አይጠይቁም። ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «መዝለል እወዳለሁን?» የሚለው ሳይሆን፣ «ከስድስቱ በየትኛው ልተዳደር አስባለሁ?» የሚለው ነው። መልሱ የትምህርቱን መንገድ ይወስናልና። አይሮፕላን ነጂ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን በዝላይ ላይ ቢያፈስስ ምንም አይጠቅመውም፤ ለደመወዝ ለማብረር የሚያስፈልገው የንግድ በረራ ፈቃድ ነው፤ ይህም በመደበኛው መንገድ ቢያንስ 250 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል።

የመሰላሉ ደረጃዎች

የዩናይትድ ስቴትስ የፓራሹት ማኅበር ለዘላዮች አራት ፈቃዶች ይሰጣል። የመጀመሪያው ፈቃድ ቢያንስ 25 ዝላይ፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 200፣ አራተኛውና የበላዩ 500 ዝላይ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱም ከዝላዩ ቍጥር በላይ በጽሑፍና በሥራ የሚታይ ፈተና አለው። ዝላይ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም ለዘላዩ እንደ ነጋዴ የሒሳብ ደብተር ነው።

ፈቃድ ብቻውን ግን ለማስተማር አያበቃም። ረዳት አስተማሪ ለመሆን ሁለተኛው ፈቃድና 100 ዝላይ ያስፈልጋሉ። ብቻቸውን የሚዘልሉ ተማሪዎችን በአየር ላይ ይዞ ለማስተማር ደግሞ ዣንጥላ ሳይዘረጋ በመውረድ የተቈጠረ 6 ሰዓት ይጠየቃል። ከ4,000 ሜትር ከፍታ ገደማ የሚዘልል ሰው ዣንጥላውን እስኪዘረጋ ድረስ የሚያገኘው ጊዜ 1 ደቂቃ ያህል ስለ ሆነ፣ 6 ሰዓት ማለት 360 ዝላይ ገደማ ማለት ነው። ካሜራ ይዞ ለመዝለልም ማኅበሩ ቢያንስ 200 ዝላይ እንዲቀድም ይመክራል።

የጥንድ ዝላይ አስተማሪ የሚሆን ሰው የአሜሪካ ደንብ የሚጠይቀው ከሁሉ ይበልጣል። 500 ዝላይ፣ የበላዩን ፈቃድ፣ ልዩ የአስተማሪነት ትምህርትና ከዚህም ጋር በዝላይ ያሳለፈው 3 ዓመት ሊኖረው ይገባል። ማኅበሩም የሐኪም ምርመራ ወረቀት ይጠይቃል።

ሪገር ለመሆን የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት መንገድ የተለየ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ የፌዴራል አቪየሽን አስተዳደር ነው። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላውና እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ የሚናገርና የሚረዳ ሊሆን ይገባል፤ በባለሙያ ተቈጣጣሪነት ቢያንስ 20 ዣንጥላ ማጠፉን ማስረዳት፣ የጽሑፍ፣ የቃልና የእጅ ሥራ ፈተና ማለፍም አለበት። ለዋና ሪገርነት ማዕረግ የ3 ዓመት ልምድ ይጠየቃል።

በገንዘብ የማይገዛው ዕቃ

ከላይ ከተዘረዘሩት ቍጥሮች ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው 500 ሳይሆን 3 ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ዝላይ መግዛት ይችላል፤ ዓመት ግን መግዛት አይችልም። ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ እነሆ።

ሁለት ወጣቶች በአንድ ቀን ትምህርት ጀመሩ እንበል፤ የሁለቱም አሳብ የጥንድ ዝላይ አስተማሪ ለመሆን ነው። የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ተበድሮ፣ ሌላ ሥራውን ትቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 500 ዝላዩን ጨረሰ። ሁለተኛው በሌላ ሥራ እየተዳደረ በወር 14 ያህል ዝላይ ብቻ ዘለለ፤ በዕረፍት ቀኖቹም በዝላይ ሜዳው ላይ ዣንጥላ እያጠፈ የእጅ ዋጋ ተቀበለ፤ በሁለተኛው ዓመትም ተፈትኖ የሪገር ፈቃድ አገኘ። በ36 ወር ውስጥ 14 ጊዜ በየወሩ የዘለለ ሰው 504 ዝላይ ይኖረዋል። ስለዚህ ሁለቱም በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በአንድ ቀን ከአንድ በር ፊት ይቆማሉ። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ለሁለት ዓመት የወለድ ዕዳ ሲከፍል መቈየቱ፣ ሁለተኛው ግን ያለ ዕዳ ሁለት ሙያ ይዞ መድረሱ ነው።

«የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ» የተባለው ለዚህ ነው። ችኰላ ዋጋ የሚያስገኝበት ንግድ አለ፤ ለምሳሌ ዋጋው ሳይወርድ ዕቃ የሚሸጥ ሰው መቸኰሉ ያተርፈዋል። ደንብ ራሱ የዘመን ገደብ ባኖረበት ሙያ ግን ገንዘብን በአንድ ጊዜ ማውጣት ዕቃውን አስቀድሞ አያስገኝም፤ የሚያስገኘው ዕዳውን ብቻ ነው።

የወጪውና የገቢው ሒሳብ

የዝላይ ዋጋ ከሜዳ ሜዳ ስለሚለያይ፣ ከዚህ በታች ያሉት የዋጋ ቍጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ ሒሳቡን የሚሠራው ሰው በሚማርበት ቦታ ያለውን እውነተኛ ዋጋ ይተካባቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት 3,000 ዶላር፣ የራሱ ዣንጥላና መሣሪያ 7,000 ዶላር፣ እያንዳንዱ ዝላይ 30 ዶላር ቢሆን፣ 500 ዝላይ 15,000 ዶላር ይሆናል፤ ድምሩም 25,000 ዶላር ነው። በዚህ ውስጥ የመንገድ፣ የማደሪያ፣ የአስተማሪነት ትምህርትና የሕክምና ወጪ አልገባም። አስተማሪው ለአንድ የጥንድ ዝላይ 50 ዶላር ቢከፈለው፣ ዋናውን ገንዘብ ለመመለስ ብቻ 500 ጊዜ ደንበኛ ይዞ መዝለል አለበት። በሳምንት 2 ቀን፣ በቀንም 6 ጊዜ ቢዘልል በሳምንት 12 ይሆናል፤ ስለዚህ 500 ዝላይ 42 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ዝናብ ወይም ነፋስ ሥራ አላስቆመም፣ አስተማሪውም አልበላም፣ የቤት ኪራይም አልከፈለም ተብሎ ነው።

ነገሩ እንደዚህ አይሆንም። ደመና ሲወርድ ሥራው ይቆማል፤ ነፋስ ሲበረታም እንዲሁ። በአሜሪካ ብቻቸውን የሚዘልሉ ተማሪዎች በሰዓት ከ14 ማይል፣ ማለት ከ22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሚበልጥ ነፋስ እንዳይዘልሉ ተወስኗል። ብዙዎቹ አስተማሪዎች ወርኀዊ ደመወዝ የላቸውም፤ በዘለሉት ቍጥር ይከፈላሉ እንጂ። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል በብርድ ወራት ብዙ ሜዳዎች ይዘጋሉ፤ በዚያን ጊዜ ሥራ የሚፈልግ ዘላይ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ አሪዞና ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። ወደ ዱባይ የሚሄዱም አሉ። የቡና ነጋዴ ወቅቱን ጠብቆ እንደሚሠራና ባልሆነው ወራት የሚኖርበትን ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ፣ የዝላይ ባለሙያም በደግ ወራት ያገኘውን ለክፉ ወራት ማኖር ግዴታው ነው።

ከዚህም ሌላ የነጋዴ ካፒታል በመጋዘኑ ያለ ዕቃ ሲሆን፣ የዘላይ ካፒታል ገላው ነው። መጋዘን የተቃጠለበት ነጋዴ ኢንሹራንስ ካለው ገንዘቡ ይመለስለታል። እግሩ የተሰበረ አስተማሪ ግን እስኪድን ድረስ ገቢው ይቋረጣል። ማኅበሩ ለአባሎቹ የሚሰጠው ኢንሹራንስ ዘላዩ በሌላ ሰው ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለዘላዩ ለራሱ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ የሕክምና ኢንሹራንስ ዋጋ በወጪው መዝገብ የመጀመሪያው መሥመር ላይ ሊጻፍ ይገባዋል።

የሪገር ሥራ በዚህ ረገድ የተለየ ጥቅም አለው። በአሜሪካ ደንብ መጠባበቂያው ዣንጥላ ተዘረጋም አልተዘረጋም በየ180 ቀኑ ተከፍቶ፣ ተመርምሮና እንደገና ታጥፎ መታተም አለበት። ይህንንም ማድረግ የሚችለው ፈቃድ ያለው ሪገር ብቻ ነው፤ በካርዱ ላይ ስሙን ፈርሞ ማኅተሙን ያደርግበታል። ዝናብ ቢዘንብም፣ በረዶ ቢወርድም 180ው ቀን አይቆምም። እንግዲህ አንዱ ሥራ በፀሐይ፣ ሌላው በዝናብ ይሠራል፤ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ሁለት ዐይነት ሸቀጥ እንዳለው ባለሱቅ ነው።

ስለ አደጋው በግልጽ መናገር

ሥራው ሕይወትን የሚነካ ስለ ሆነ ይህን ክፍል አለባብሶ ማለፍ አይገባም። በማኅበሩ መዝገብ መሠረት በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ 3,650,000 ያህል ዝላይ ተደርጎ 10 ሰዎች ሞተዋል። ይህም ማለት በ365,000 ዝላይ አንድ ሰው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚዘልል ጐብኚ ይህ ቍጥር እጅግ ትንሽ ነው። በየዓመቱ 500 ጊዜ ለ10 ዓመት የሚዘልል ባለሙያ ግን 5,000 ዝላይ ይኖረዋል፤ በዚሁ መካከለኛ ስሌት ብንሄድ አደጋው ከ73 አንድ ይሆናል። ይህ ግምታዊ ስሌት ነው፤ ጥንቁቁ ከዚህ ያነሰ፣ ደፋሩም ከዚህ የበለጠ አደጋ አለበትና። ነገር ግን ለጐብኚው የሚነገረው ቍጥር ለባለሙያው እንደማያገለግል በግልጽ ያሳያል።

የአደጋው ምክንያትም መታወቅ አለበት። ብዙ ሰው ሞት የሚመጣው ዣንጥላው ሳይዘረጋ ሲቀር ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ዣንጥላቸው በደኅና ከተዘረጋ በኋላ፣ ለማረፍ ሲሉ ዝቅ ብለው በፍጥነት በመዞር የሚሞቱ ልምድ ያላቸው ዘላዮች ጥቂት አይደሉም። ዣንጥላው ባነሰ መጠን ይፈጥናል፤ ፈጣን ዣንጥላ ደግሞ የሚያምር ይመስላል። ስለዚህ ወጣቱ ከችሎታው በላይ ወደ ሆነ ትንሽ ዣንጥላ ለመሸጋገር ቢቸኵል፣ ይህ ራሱ ለሙያው ያልተዘጋጀ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌ በዚህ ሙያ ውስጥ ቃል በቃል የሚሠራ ነው።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚወጣው ምክር እንደሚከተለው ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ መጨረሻ ላይ ማቆሚያ መኖሩን አንባቢ ልብ ይበል።

አንደኛ፤ ወጣቱ አንድ የጥንድ ዝላይ ይዝለል፤ ከዚያም በኋላ አንድ ሙሉ ቀን በሜዳው ላይ ሠራተኞቹን እየተመለከተ ይዋል። ነፋስ ሲነሣ ለሰዓታት ሲቀመጡ፣ ማታ ደክመው ሲሄዱ ይመልከት። ዝላዩን ወድዶ ቀኑን የጠላ ሰው ዝላይን መዝናኛ ያድርገው እንጂ እንጀራው አያድርገው።

ሁለተኛ፤ እስከ መጀመሪያው ፈቃድ፣ ማለት እስከ 25 ዝላይ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ይክፈል። መሣሪያ አይግዛ፤ ይከራይ። የተማሪ ዣንጥላ ትልቅ ስለ ሆነ በዚህ ጊዜ የተገዛ መሣሪያ ቶሎ ይለወጣል።

ሦስተኛ፤ ከዚህ ጋር ጐን ለጐን ዣንጥላ ማጠፍ ይማር። በደንቡ ዋናውን ዣንጥላ ሪገር ያልሆነ ሰው በሪገር ተቈጣጣሪነት ማጠፍ ስለሚችል፣ ይህ በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ነው። በውጭ አገር ያለ ሰው ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ለመሥራት የሚፈቅድለት መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ሳይፈቀድለት የእጅ ዋጋ ቢቀበል ከትምህርቱም ከሀገሩም ሊወጣ ይችላል።

አራተኛ፤ 100 ዝላይ ሲሞላ ረዳት አስተማሪነትን ይሞክር። ሰው ራሱ መዝለል ቢችል እንኳ የፈራን ሰው በትዕግሥት ማስተማር ላይችል ይችላል። ይህን በ100 ዝላይ ማወቅ በ500 ከማወቅ ይረክሳል።

አምስተኛ፤ በ200 ዝላይ ላይ ቆሞ ሒሳቡን እንደገና ያስላ። የወጣው ስንት ነው? ከማጠፍ ወይም ከማስተማር የገባውስ? ጕዳት ደርሶበታልን? መልሱ መልካም ከሆነ ወደ ሪገርነትና ወደ አስተማሪነት ይቀጥል። መልካም ካልሆነ ግን እዚያ ላይ ማቆም ኪሣራ አይባልም፤ የማይሸጥ ዕቃ ተጨማሪ ከማዘዝ መታቀብ ነው እንጂ።

ትምህርት ቤቱን ስለ መመርመር

ገንዘብ ከመከፈሉ አስቀድሞ የዝላይ ሜዳው ባለቤት የሚከተሉት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። አስተማሪዎቹ ዛሬ የጸና ፈቃድ አላቸውን? ለተማሪ የሚከራዩት ዣንጥላዎች ዘላዩ ራሱን ቢስት መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍት መሣሪያ አላቸውን? መጠባበቂያው መጨረሻ የታጠፈበት ቀን በካርዱ ላይ ይታያልን? በአየር ጠባይ ምክንያት ያልተደረገ ዝላይ ገንዘቡ ይመለሳልን? ብዙ ዝላይ በአንድ ጊዜ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው፣ ቤቱ ቢዘጋ ወይም እርሱ ራሱ ቢጐዳ ምን መብት አለው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ለብዙ ዝላይ አስቀድሞ በመክፈል የሚገኘው ቅናሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕቃውን ሳይረከብ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ገዢ ያለ መያዣ ያበደረ ሰው መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

ማጠቃለያ

አዲስን ሙያ አዲስ በመሆኑ ብቻ መከልከል ጥበብ አይደለም፤ ትናንት ያልነበሩ ብዙ ሥራዎች ዛሬ ቤተ ሰብ ይመግባሉና። ወጣቱም ድፍረት ስላለው ብቻ ለሙያው የተዘጋጀ አይደለም፤ ደንቡ የሚጠይቀው ከድፍረት ይልቅ ትዕግሥትን ነውና። ስለዚህ እንዲህ ላለው ትምህርት ገንዘብ የሚሰጥ ወላጅም ሆነ አበዳሪ፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በደረጃው ልክ ከፍሎ ይስጥ፤ የሚቀጥለውንም ክፍያ ያለፈው ደረጃ በመዝገብ ታይቶ ሲፈጸም ብቻ ይልቀቅ። ይህን የመሰለ ውል ልጅን አለማመን አይደለም። መዝገቡን ይዞ በኩራት የሚያሳይ ወጣት ለሥራው እውነተኛ ፍቅር እንዳለው ያስረዳል፤ መዝገቡን የሚሸሽግ ወጣት ደግሞ በጊዜ ሊመለስ የሚገባው ነው። በሁለቱም መንገድ ወላጅ እውነቱን የሚያውቀው ገንዘቡ ሳያልቅ፣ ልጁም ሳይጐዳ ይሆናል።